በእቁብ ገንዘብ የተገዙ ሥዕሎች፦ የአንድ ትንሽ ስብስብ የሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ መጨረሻ፣ 2016 ዓ.ም.

የእቁቡ ዕጣ በዚህ ወር ለእኔ ወጣ። የአንዱ ዙር ዕጣ ለቤት ጉዳይ፣ የሚቀጥለው ለሥዕል እንዲውል ከባለቤቴ ጋር ከተስማማን ቆይተናል፤ የአሁኑ የሥዕል ተራ ነው። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ባለቤቴ ነርስ ናት፣ የምንኖረው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ኦሪጅናል ሥዕል መግዛት የባለሀብትና የኤምባሲ ሰዎች ጉዳይ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙ ወዳጆች አሉን። እኛ ግን ባለፉት ዓመታት አንድ በአንድ የገዛናቸው ሥራዎች ሳሎኑንና ኮሪደሩን ሞልተው፣ የተረፉት ቦታ አጥተው ቁም ሣጥን ጀርባ ተደግፈዋል።

ዘንድሮ እነዚህን ሁሉ አውጥቼ በወጉ ልሰቅል፣ ለእያንዳንዳቸው መዝገብ ልከፍትና ክረምቱ ሳይገባ ከእርጥበት የሚጠበቁበትን መላ ልፈልግ ተነስቻለሁ። ማስታወሻ የምይዘው በሥራው መሀል የማየውን እንዳልረሳ ነው። በሰው እጅ የተሠራ ሥዕል ቤት ከገባ በኋላ ባለቤቱን ያሠራል፤ ይመረመራል፣ ይጠበቃል፣ ስለ እሱ ይጠየቃል፣ በእሱ ሰበብ ከሰው ጋር ይተዋወቁበታል። እኔን ለዓመታት በዚህ ነገር ላይ ያቆየኝ ደስታ ከዚህ ሥራ የሚገኘው ነው።

ግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት

ሥዕሎቹን ሁሉ አውርጄ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሬ በሳሎኑ ዙሪያ ደረደርኳቸው። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አይታ «አባዬ፣ ምን አጥፍተው ነው የቀጣሃቸው?» አለችኝ።

የሸራ ጀርባ ፊቱ የማይነግረውን ይናገራል። አንደኛው ላይ በከሰል ተጀምሮ የተተወ የሴት ፊት አለ፤ ሠዓሊው ሐሳቡን ለውጦ ሸራውን ገልብጦታል ማለት ነው። ሌላኛው ላይ የቆየ ዐውደ ርእይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቁጥሩና ርእሱ ብቻ ይነበባል። ሦስተኛው የተሠራው በአቡጀዲ ላይ ነው። የጨርቁ ድር ላላ ያለ ስለሆነ ከፊት የተቀባው ነጭ መሠረት በየቀዳዳው ወደ ኋላ ብቅ ብሎ ደርቋል። የተዘጋጀ ሸራ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ሠዓሊው ጨርቁን ራሱ ወጥሮ፣ ሙጫውን ራሱ አፍልቶ፣ መሠረቱን ራሱ ቀብቶ እንደሠራው ጀርባው ይመሰክራል። የዚሁ ሥዕል ፎቶግራፍ በስልኬ ውስጥ አለ፤ ከዚህ ሁሉ አንዱም እዚያ ላይ አይታይም።

ይህ የአቡጀዲ ሥዕል ከሁሉም የበለጠ ጥያቄ የያዘ ነው። ወደ ውጭ አገር ይሄድ ከነበረ ቤተሰብ የገዛነው የዘይት ቀለም ሥራ ሲሆን፣ ስፋቱ ክንድ የማይሞላ ነው። ሰዎች ጓዝ ተሸክመው፣ ጭንቅላታቸውን አቀርቅረው፣ በመሸ ሰዓት ዳገት ይወጣሉ። ከታች በቀኝ በኩል የሠዓሊው ስምና «76» የሚል ቁጥር አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ቁጥሩ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ 1976 ዓ.ም. ነው፤ ወሎና ትግራይ ወደ ከባዱ ረሃብ የገቡበት ጊዜ። በፈረንጆቹ ከሆነ ደግሞ 1968 ዓ.ም. ይሆናል፤ የአብዮቱ ማግሥት። እነዚያ ጓዝ የተሸከሙ ሰዎች ስደተኞች ናቸው ወይስ ሌላ? መልሱ በሁለት አኃዝ ላይ ተንጠልጥሏል። የአገራችን ሠዓሊዎች አንዱ በዓመተ ምሕረት፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚፈርሙ ይህ ችግር የሁሉም ሰብሳቢ ነው። ለመዝገቡ ያወጣሁት የመጀመሪያ ደንብ ከዚህ የመጣ ነው፤ ቀኑ በሥዕሉ ላይ እንዳለ ይገለበጣል፣ ከጎኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፋል፣ ካልተረጋገጠም «ያልተረጋገጠ» ይባላል።

ግንቦት አጋማሽ

የአቡጀዲው ሥዕል ሠዓሊ በሕይወት አሉ። የነገረኝ ፍሬም ሠሪያችን ነው፤ እሱ የማያውቀው ሠዓሊ የለም። ስልክ ደወልኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። የሥዕሉን ፎቶግራፍ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይቺ ናት? እኔ እኮ የጠፋች መስሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ዓመቱ 1976 ዓ.ም. ነው። ሰዎቹ ደግሞ ወደ ግሸን ማርያም የሚወጡ ምእመናን ናቸው፤ ለመስከረም 21 የንግሥ በዓል። ጓዝ የመሰለኝ ስንቃቸው ነው። ሠዓሊው ያን ዓመት እናታቸውን አጅበው በእግር ሄደው ነበር፤ ንድፉን በመንገድ ላይ በትንሽ ደብተር ሠርተው፣ ቀለሙን አዲስ አበባ ተመልሰው ቀቡት። «ድርቁ መግባት ጀምሯል፤ ሰዉ ግን ስንቁን ይዞ ይወጣ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መንገድ የወረደውን ሰው አንተም ታውቀዋለህ፤ እኔ ከዚያ በኋላ ያንን መንገድ መሣል አልቻልኩም» አሉኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። የተጎነበሱት ጭንቅላቶች የድካም ይመስሉኝ ነበር፤ አሁን የጸሎት ሆነው አየኋቸው። ከሰዎቹ መካከል ነጠላ የለበሱ አንዲት አረጋዊት አሉ፣ ሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብለው ቦታ ሰጥተዋቸዋል፤ የሠዓሊው እናት እሳቸው ይሆኑ? ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ሌላ ቀን እጠይቃለሁ። በመዝገቡ ላይ ርእሱን፣ ዓመቱንና ታሪኩን ከነገሩኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ።

ግንቦት መጨረሻ

የብርሃን ጉዳይ። ሙዚየሞች በወረቀት ላይ ለተሠራ ሥዕል 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ ገደማ እንዳይታለፍ ይጠነቀቃሉ። በስልክ መተግበሪያ የቤታችንን ግድግዳዎች በየሰዓቱ ለካሁ። መተግበሪያው የቤተ ሙከራ መሣሪያን አያህልም፤ አንዱን ግድግዳ ከሌላው ለማወዳደር ግን ይበቃል። ወደ ምዕራብ በሚያየው መስኮት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ስትገባ ንባቡ ወደ አሥር ሺዎች ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ከቆላው ይበረታል፤ የውሃ ቀለምና ወረቀት ከሚያደበዝዙት አንዱም እሱ ነው። ስለዚህ ያ ግድግዳ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ተሰጠ። ወረቀት ላይ ያሉት ሥራዎች ወደ ኮሪደሩ ገቡ።

ዘይት ቀለሞቹን ግን ጨለማ ውስጥ አልደብቅም። ቀለሙ የተበጠበጠበት የተልባ ዘይት የሚደርቀው ውሃ ስለሚተን አይደለም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ነው። ይህን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ የማነሳው ምሳሌ ይኸው ነው። ተልባ ዘይት ለረጅም ጊዜ ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ ቢጫነት ያመጣል፤ መጠነኛ ብርሃን ሲያገኝ ይመለሳል። ቁም ሣጥን ጀርባ የቆዩት ሁለቱ ሸራዎች ነጫቸው ወደ ቅቤ መልክ ሄዶ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ከሰነበቱ ወዲህ እየጠሩ ነው፤ በየሳምንቱ ከነጭ ወረቀት ጋር አስጠግቼ ፎቶግራፍ አነሳቸዋለሁ።

ብርሃን ስለካ ሌላም ነገር አየሁ። ጠዋት ፀሐይዋ ገና ዝቅ ስትል ከጎን በሚመጣው ብርሃን የግሸኑ ሥዕል ላይ፣ ከአረጋዊቷ በስተቀኝ፣ የቀለም እብጠት አለ። እንደ ጀርባ የተጠጋጋ መስመር ነው፤ ከላዩ ግን ሰማይና ዳገት ብቻ ነው የተቀባው። ከሥሩ የተሸፈነ ነገር አለ። ቀን ላይ ፊት ለፊት ሲያዩት አይታወቅም። ማታ በቢጫ አምፖል ደግሞ ሥዕሉ ሌላ ነው፤ ሰማያዊው ይደበዝዛል፣ የአፈሩ ቀይ ወደ ፊት ይመጣል። ከአንድ ሥዕል ጋር ለዓመታት ኖሬ ገና ያላየሁት ነገር መኖሩ በጣም ያስደስተኛል።

ሰኔ

ወደ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የምሩቃን ዐውደ ርእይ ከልጄ ጋር ሄድን። ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። እነ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ያስተማሩበት ቤት ስለሆነ በግቢው ስገባ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ቦታም ይኸው ነው፤ ዋጋው በደመወዝ ይደረስበታል፣ ሠዓሊው ከሥራው አጠገብ ቆሟል፣ ያልገባህን ትጠይቀዋለህ።

ልጄ ቀጥ ብላ የሄደችው ወደ አንዲት ወጣት የእንጨት ቅርጽ ህትመቶች ነው። በዝናብ ውስጥ የታክሲ ሰልፍ። ጃንጥላ ያለውም የሌለውም ሰው አንድ ጥቁር ረድፍ ሆኗል፤ ዝናቡን የሠራችው እንጨቱን በቀጭን መሮ በሰያፍ እየፋቀች ነው። ከሥሩ በእርሳስ «4/12» ተብሎ ተጽፏል። «ጋሼ፣ አሥራ ሁለት ቅጂ አትሜ እንጨቱን በመሮ ሰርዤዋለሁ፤ ሌላ አይወጣም» አለችኝ። የህትመት ማሽኑ ሌሎች ሲይዙት በማንኪያ ጀርባ እያሸች ነው ያተመችው፤ ስለዚህ አንዱ ቅጂ ከሌላው ይለያል። በአራተኛው ላይ የግራው ጠርዝ ቀለም ሳሳ ብሎ ዝናቡ የሚያባራ ይመስላል። አምስተኛው ላይ ዶፍ ነው። ህትመት ስለሆነ ኦሪጅናል አይደለም የሚል ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያያቸው ይበቃዋል።

ልጄ አራተኛውን መረጠች። ግማሹን ከፈልኩ፣ ቀሪውን በሐምሌ መጨረሻ። ደረሰኝ በሁለት ቅጂ ጻፍን፤ ርእስ፣ ዓመት፣ ቁጥር፣ መጠን፣ የሁለታችን ፊርማ። ወጣቷ ይህ የሸጠችው የመጀመሪያ ሥራ እንደሆነ ስትነግረን ፊቷ ላይ የነበረው ነገር እኔንም እስከ ቤት አጅቦኛል።

ሰኔ መጨረሻ

ህትመቱን ፍሬም ለማስገባት የራሳችን ፍሬም ሠሪ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ስለነበር ሌላ ቤት ወሰድኩት። ሠራተኛው ነጩ ዳር በዝቷል ብሎ በመቁረጫ ሊያስተካክለው፣ ከዚያም ካርቶን ላይ በኮላ ሊለጥፈው ተዘጋጀ። አመስግኜ ይዤ ወጣሁ። ያ ነጭ ዳር የእርሳሱ ቁጥርና ፊርማ ያለበት ነው፤ ከተቆረጠ መታወቂያው ጠፋ። በኮላ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ ሳይቀደድ አይላቀቅም።

ስለዚህ ሥራውን ራሴ ያዝኩት። መጀመሪያ ከሥዕሉ ጀርባ የሚሆን ካርቶን ፍለጋ። ተራ ካርቶን ከእንጨት የሚመጣ ሊግኒን ስላለበት ከጊዜ ጋር አሲድ ያመነጫል፤ ወረቀቱን የሚያቢጨውና ዳሩን ቡናማ የሚያደርገው ይኸው ነው። ከየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የገዛኋቸውን ካርቶኖች ትንሽ ትንሽ ቆርጬ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፌ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አሲድ መኖሩን በሚያሳይ አመልካች ፈተንኳቸው። አብዛኞቹ ወደ አሲድ አዘነበሉ። አንደኛው፣ ከጥጥ የተሠራው፣ ገለልተኛ ሆኖ ተገኘ። ተማሪዎቼ ምን እንደምሠራ ጠይቀው ሙከራውን አብረውኝ ጨረሱ፤ የፒኤች ትምህርት በዚህ ዓመት እንደዚህ የገባቸው ጊዜ የለም።

ከዚያ ሙጫው። የስንዴ ዱቄት አቡክቼ በውሃ ውስጥ ሊጡን እያሸሁ ስታርቹን አወጣሁ፤ የሚለጠጠው ግሉተን እጄ ላይ ቀረ። ግሉተኑ መውጣት አለበት፣ ነፍሳት የሚስብና የሚደርቀው እሱ ነውና። ነጩ ስታርች ሲዘቅጥ ውሃውን አፍስሼ፣ በአዲስ ውሃ ለዝግተኛ እሳት ሰጥቼ፣ ሳላቋርጥ እያማሰልኩ አበሰልኩት፤ ሲያሳላ አውርጄ በወንፊት አጠለልኩት። ረጅም ቃጫ ያለውን የጃፓን ስስ ወረቀት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ልካልኛለች። ከእሱ ሁለት ትንንሽ ማንጠልጠያ ቀድጄ ህትመቱን ከላይ ጠርዙ ብቻ አንጠለጠልኩት፤ ሌላው ወረቀት እንደ ልቡ ይስፋ፣ ይጥበብ። ማንም ሰው ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ በእርጥብ ብሩሽ ነክቶ ያለ ጉዳት ሊያነሳው ይችላል። መስተዋቱ ወረቀቱን እንዳይነካ በመሀል የካርቶን መስኮት ገባ።

ባለቤቴ ወጥ ቤቱን ስታይ «ለዚህ ህትመት ከልጆቹ የበለጠ ተጨነቅክለት» አለች፤ ከዚያ ራሷ ማሰሮውን እያማሰለች አገዘችኝ።

ሐምሌ

ክረምቱ ገባ። በእርጥበት መለኪያው የውጭው ግድግዳ አጠገብ ከ70 በመቶ አልፏል፤ የውስጡ ግድግዳ ዝቅ ያለ ነው። ሥዕል የተሰቀለበት የውጭ ግድግዳ በክረምት ስለሚቀዘቅዝ ከጀርባው ጤዛ ይይዛል፣ ሻጋታም ይከተላል። ሁሉንም ወደ ውስጥ ግድግዳዎች አዛወርኩ። በታችኛው ሁለት ጥግ ጀርባቸው ላይ ደግሞ በቀጭኑ የተቆረጠ የጠርሙስ ቡሽ ለጠፍኩ፤ ፍሬሙ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ አየር ይተላለፋል።

በጣም ያሰጋኝ የፍየል ቆዳው ሥዕል ነው። በቆዳ ላይ መሣል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ብራና ፋቂዎች ለዘመናት ያዘጋጁት ቆዳ የመጻሕፍቶቻችንን ሥዕሎች ተሸክሟል፤ በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሠዓሊ ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ በሠሯቸው ሥዕሎች ታውቀዋል። የእኛው ቆዳ የአንድ ወጣት ሠዓሊ ሥራ ነው፤ በጣውላ ላይ በሚስማር ተመትቶ መጣ። ቆዳ እርጥበት ሲስብ ይረግባል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በሚስማር ሲያዝ የሚሄድበት የለውምና በሚስማሩ ቀዳዳ ይቀደዳል፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል። ለሠዓሊው ደውዬ ሐሳቤን ነገርኩት፤ ሥራው የእሱ ነውና ያለ ፈቃዱ አልነካውም። በማግሥቱ መጥቶ አብረን ፈታነው። ብራና ፋቂዎች ቆዳውን በጠፍር ከእንጨት ክፈፍ ጋር ዙሪያውን እያሰሩ እንደሚወጥሩት ሁሉ፣ እኛም ዳር ዳሩን በጥጥ ገመድ ከዋንዛ ክፈፍ ጋር አሰርነው። ገመዱ ከቆዳው ጋር አብሮ ይላላል፣ አብሮ ይጠብቃል። ሠዓሊው መልኩን ወደደው። ሌሎቹንም ሥራዎቹን በዚህ መንገድ ሊወጥር ገመዱን ከየት እንደገዛሁ ጽፎ ይዞ ሄደ።

ነሐሴ

በቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች አካባቢ አንድ ሰው ከብብቱ ስር ያረጀ ክታብ አውጥቶ አሳየኝ፤ በብራና የተጻፈ፣ መላእክት የተሣሉበት፣ በጣም የሚያምር። ዋጋውም አልበዛም። አልገዛሁም። ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም ከማን ቤት እንደወጣ ሊነግረኝ አልቻለም። ቅርሳችን በዚህ መንገድ ስንቱ ከአገር እንደወጣ እያወቅሁ፣ ምንጩ ያልታወቀ አሮጌ ነገር ቤቴ አላስገባም። በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው የማስመዝገብና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እኔ የምገዛው ሠዓሊው ወይም ሻጩ ታሪኩን ሊነግረኝ የሚችለውን ሥራ ነው። በዚህ ጉዳይ አቋሜ ጠንካራ ነው፣ የሚሰማኝን ሁሉ እመክራለሁ።

መምህራን ክፍል ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ገንዘቡን መሬት ላይ ብታውለው ኖሮ» አለኝ። ስለ ኒው ዮርኮቹ ኸርበርትና ዶሮቲ ቮገል ነገርኩት። እሱ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ እሷ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። በእሷ ደመወዝ እየኖሩ በእሱ ደመወዝ ሥዕል ይገዙ ነበር፤ መስፈርታቸው አቅማቸው የሚፈቅደውና ትንሿ አፓርታማቸው ውስጥ የሚገባ መሆኑ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች ሰበሰቡ፣ ከሠዓሊዎቹ ጋር ዕድሜ ልክ ወዳጅ ሆኑ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ስብስባቸውን ለዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ መስጠት ጀመሩ። ሸጠው መበልጸግ ይችሉ ነበር። ባልደረባዬ አልተከራከረኝም፤ ቅዳሜ ቤታችን መጥቶ ሥዕሎቹን ለማየት ጠየቀ።

ጳጉሜን

የመስቀያው ቀን። የብሎኬት ግድግዳ ስለሆነ ድሪል፣ ፊሸርና ብሎን ያስፈልጋል፤ ሚስማር ልስኑን አፍርሶ ይወድቃል። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ሥዕል ልክ የጋዜጣ ወረቀት ቆርጬ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ለቀናት እያለፈ አየው። የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን የቆመ ሰው ዓይን በምቾት ያርፍበታል። እናቴ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጣ ነው የምታየው፤ ለሳሎኑ ዝቅ አደረግሁት። ለእያንዳንዱ ሁለት መስቀያ፤ በአንድ የተሰቀለ ዘወትር ይዘማል። ውሃ ልኩን የያዘችው ልጄ ናት።

ጎን ለጎን የሚሆኑትን መምረጥ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደ፣ ከሁሉ የበለጠም ደስ አለኝ። የታክሲውን ሰልፍ ከግሸኑ ጉዞ አጠገብ ሰቀልነው። አንዱ ጥቁርና ነጭ የ2016 ዓ.ም. ህትመት፣ ሌላው የአርባ ዓመት የዘይት ቀለም ነው፤ በሁለቱም ሰዎች በረድፍ ቆመዋል ወይም ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ሠዓሊዎች ፊት አልሣሉም። ሁለቱን ለየብቻ ስናይ ይህን አንዳችንም አላስተዋልነውም ነበር።

መስከረም፣ 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሠዓሊው ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ቤታችን መጡ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ሥዕላቸው ፊት ወንበር አቀረብንላቸው፤ መቀመጡን ትተው ተጠግተው ቆሙ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄዱ፣ እንደገና ተጠጉ። እናታቸውን አሳዩኝ፤ የገመትኳቸው አረጋዊት ናቸው። ቀጥሎ ስለ ቀለሙ እብጠት ጠየቅኋቸው። ሳቁ።

«አየሃት? በቅሎ ነበረች። የኛ አይደለችም፣ የአንድ ባለ ጸጋ በቅሎ ናት፤ መረሻቷ የሚያምር ነበርና ሣልኳት። ጨርሼ ሳያት ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ሄደ፣ ሰዎቹ ጠፉብኝ። ሳምንት አዝኜ ሸፈንኳት።» በጣታቸው፣ ሸራውን ሳይነኩ፣ የጀርባዋን መስመር፣ ኮርቻዋንና የተንጠለጠለውን ዘርፍ በአየር ላይ ሣሉልን። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥዕሉን «በቅሎዋ» ትለዋለች። በመዝገቡ ላይ «በስተቀኝ የተሸፈነ ምስል፦ በቅሎ፤ ምንጭ፦ ሠዓሊው» ብዬ ጨመርኩ።

ለወጣቷ ህትመት ሠሪም ደወልኩላት፣ መጣች። ሁለቱ ሠዓሊዎች በጥቁርና ነጭ ጉዳይ እስኪመሽ ተከራከሩ። እሳቸው ስለ ዘመናቸው ቀለም እጥረት፣ እሷ ስለ አሁኑ የወረቀት ዋጋ። እኔ ሥራዎቻቸውን ግድግዳ ላይ ከመስቀል ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም፤ እንዲህ ዓይነት ምሽት ግን በየትኛውም ገንዘብ አይገኝም።

ኅዳር

ጋሼ የብዙ ዓመት ሥራዎቻቸውን የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ሊያዘጋጁ ነው። የግሸኑን ሥዕል በውሰት ጠየቁኝ። በደስታ እሺ አልኩ። ዘመዳቸው ለማስታወቂያው ፎቶግራፍ እንዲያነሳ ፈቃድ ሊጠይቀኝ ሲል፣ ፈቃዱ የእሳቸው እንደሆነ ነገርኩት፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕሉን መግዛቴ የማባዛት መብት አልሰጠኝም።

የውሰት ወረቀት ጻፍን፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ ማን ያጓጉዛል፣ ቢጎዳ ማን ይጠግናል። ከመሄዱ በፊት ያለበትን ሁኔታ መዘገብኩ፦ በላይኛው ግራ ጥግ የፀጉር ያህል ስንጥቅ፣ ከታች ጥቂት የተላጠ ቀለም፣ በስተቀኝ እብጠት። ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከፊትም ከጎንም በሚመጣ ብርሃን ተነሳ። አናጺው ከውስጥ በስፖንጅ የተለበጠ የጣውላ ሣጥን እየሠራ ነው፤ ሐሙስ ያስረክበኛል። ሥዕሉ የሚቆመው በቁሙ እንጂ ተጋድሞ አይጫንም።

ለመግለጫ ጽሑፉ ስማችን እንዲጻፍ ጠይቀውን ነበር፤ «ከግል ስብስብ» ይበቃናል አልን። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወደ ግሸን፣ 1976 ዓ.ም.» ተብሎ ዓመተ ምሕረቱ በግልጽ ይጻፍ። ጋሼ ከሥሩ «ዘይት ቀለም በአቡጀዲ» የሚለውን ራሳቸው ጨመሩ።